ርካሹ ጥይት ለምን ቀድሞ ይጠፋል?

በ2014 አሜሪካ ውስጥ አንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ገብታችሁ ቢሆን ኖሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የጥይት መደርደሪያው ደህና ይመስላችሁ ነበር። የሽጉጥ 9 ሚሊሜትር ተመልሷል። የአደን ጠመንጃ ጥይት አለ። የወታደር ጠመንጃው 5.56 ሳይቀር ይገኛል። ባዶውን የቀረው የሃያ ሁለት ካሊበር (ውፍረቱ 0.22 ኢንች አካባቢ የሆነው ጥይት) ቦታ ነው። ከሁሉም ትንሹ፣ ከሁሉም ርካሹ፣ ልጆች ዒላማ መምታት የሚማሩበት ጥይት የለም። ጠዋት መጥቶ ከሆነም በር ሳይከፈት የተሰለፉት ሰዎች ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ተከፋፍለውታል።

ስለዚያ ወቅት የማይባል ነገር የለም። አንዱ መንግሥት ሰበሰበው ይላል። ሌላው ፋብሪካዎቹ ደበቁት ይላል። ነጋዴውን የሚረግምም አለ። እኔ ግን ዋናው ጥፋተኛ የጥይቱ ርካሽነት ነው ባይ ነኝ። ሰው የወደደው ርካሽ ስለሆነ ነው። ከገበያ የጠፋውም በዚያው ምክንያት ነው። በ2020 ነገሩ ሲደገም ያየነውም ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው።

የተለመደው ትልቅ ጥይት ከኋላው መሃል ላይ ለብቻዋ የምትገጠም ትንሽ ካፕሱል አለችው። የጠመንጃው መርፌ እሷን ሲመታት ባሩዱ ይለኮሳል። ሃያ ሁለቱ ግን ሪምፋየር ከሚባለው ዓይነት ነው፤ ይህቺ ካፕሱል የለችውም። የቀለሁ መቀመጫ ዙሪያውን ወጣ ያለ ከንፈር አለው፤ ከንፈሩ ውስጡ ባዶ ነው። መለኮሻው ቅመም እዚያ ክፍተት ውስጥ ይቀመጣል። መርፌው ከንፈሩን ሲጨፈልቀው እሳቱ ይነሳል። አሠራሩ የቆየ ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1857 የመጀመሪያ ሽጉጡን ያወጣው በዚህ ዓይነት አጭር ጥይት ነበር። ዛሬ ዓለም የሚተኩሰው ሃያ ሁለት ሎንግ ራይፍል ደግሞ በ1887 ስቲቨንስ በሚባል የአሜሪካ ጠመንጃ ሠሪ በኩል መጣ። ከ130 ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው፤ አሁንም ተወዳዳሪ የለውም። ድምፁ ትንሽ ነው፣ ትከሻ አይመታም። በኦሎምፒክ የ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር የሚተኮሰው እሱ ነው። ባያትሎንም (በረዶ ላይ መንሸራተትና ተኩስ የተጣመሩበት ውድድር) ከ1978 ጀምሮ ትልቁን ጥይት ትቶ ወደዚሁ ዞሯል።

አንድ ጉዳት ግን አለው። ትልልቁን ጥይት የሚተኩስ ሰው ባዶ ቀለሁን ለቃቅሞ፣ አዲስ ካፕሱልና ባሩድ ጨምሮ፣ እርሳሱን ገጥሞ ቤቱ መልሶ ይጠቀምበታል። ገበያ ሲደርቅ ትንፋሽ የሚሰጠው ይህ ነው። ሪምፋየር አንዴ ከተተኮሰ አበቃ። ከንፈሩ ተጨፍልቋል፤ መለኮሻውም ውስጥ ለውስጥ የተቀባ እንጂ የሚቀየር አይደለም። ስለዚህ የሃያ ሁለት ተኳሽ መቶ በመቶ የፋብሪካ ጥገኛ ነው።

ፋብሪካው ደግሞ የሚያተርፈው በሳንቲም ነው። እስቲ እናስላው። የተለመደው የሃያ ሁለት ጥይት ጫፍ፣ ማለትም እርሳሱ፣ 2.6 ግራም ይመዝናል። የ500 ጥይት ጥቅል፣ ማለትም ተኳሾቹ ብሪክ የሚሉት፣ 1.3 ኪሎ እርሳስ ይወስዳል። ባለፉት ዓመታት እርሳስ በዓለም ገበያ በኪሎ 2 ዶላር አካባቢ ሲሸጥ ስለነበር የአንድ ብሪክ እርሳስ 3 ዶላር አይሞላም። ባሩዱማ ከዚያም ያነሰ ነው። ለአንድ ጥይት 0.1 ግራም ያህል ስለሚበቃ አንድ ኪሎ ባሩድ ወደ 10,000 ጥይት ይሞላል። የዩክሬን ጦርነት የባሩድ ጥሬ ዕቃ ሲያስወድድ የትልልቁን ጥይት ያህል ሃያ ሁለቱን ያልጎዳው ለዚህ ነው። ዋናው ወጪ ማሽኑና ሠራተኛው ነው። ዋጋው ዝቅ የሚለው ማሽኑ ሌት ተቀን ሳይቆም ሲሽከረከር ብቻ ነው።

ከሥራው ሁሉ ከባዱ መለኮሻውን ማስገባት ነው። ቅመሙ ሊድ ስቲፍኔት የሚባል ፈንጂ ኬሚካል ያለበት ነገር ነው፤ ሲደርቅ በትንሽ ጭረት ይነሳል። ስለዚህ የሚሠራው እርጥብ እያለ ነው። እንደ ሊጥ የላላውን ቅመም ብዙ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ላይ ይዳምጡታል። እያንዳንዱ ቀዳዳ ለአንድ ጥይት የሚበቃውን ይይዛል። ከዚያ በየቀለሁ ውስጥ ይጣላል፤ ቀለሁ በከፍተኛ ፍጥነት ይሾራል፤ ቅመሙም እየተገፋ ከንፈሩ ውስጥ ይሞላል። የሚደርቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሥራ ማንም ከመንገድ ተጠርቶ አይሠራውም። ልምድ ያለው እጅና ለብቻው የታጠረ ክፍል ይፈልጋል።

ቅመሙ ከንፈሩን እኩል ካልሞላው የሚሆነውን ተኳሽ ሁሉ ያውቀዋል። ቃታ ይሳባል፣ «ቀጭ» ይላል፣ ጥይቱ ዝም። መርፌው የመታው ባዶው ቦታ ላይ ነው። ደንቡ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳነጣጠሩ ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ዘግይቶ የሚነሳ ጥይት ስላለ። ከዚያ አውጥቶ፣ ትንሽ አዙሮ መልሶ ማስገባት። ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ይነሳል። በጅምላ በሚሸጠው ርካሽ ጥይት ይህ ያጋጥማል፤ በውድድር ጥይት ግን ብርቅ ነው። የዋጋ ልዩነቱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ።

በታኅሣሥ 2012 ኒውታውን ኮኔቲከት ውስጥ የሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ጭፍጨፋ ደረሰ። በሚቀጥለው ወር ፕሬዚዳንት ኦባማ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሐሳቦችን አቀረቡ። ያኔ ገዢው ደነገጠ። «ሊከለከል ነው» ተባለ። ከሐሳቦቹ ውስጥ የሃያ ሁለት ጥይትን የሚነካ አልነበረም፤ ግን ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው ነገሩ። ጎረቤቱ ሲገዛ ያየ ገዛ። መደርደሪያው ሲሳሳ ያየ ደግሞ ጨምሮ ገዛ። ትልቁ የመደብር ሰንሰለት ዎልማርት በጥር 2013 አንድ ሰው በቀን ከ3 ፓኮ በላይ እንዳይገዛ ገደብ አወጣ። ገደቡ ራሱ ሌላ ማስጠንቀቂያ ሆነ። ከዚያ በፊት አንድ ፓኮ ይበቃው የነበረ ሰው «ሦስት ይፈቀዳል» ሲባል ሦስት ይዞ ይወጣ ጀመር።

የርካሽነቱ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። ከድንጋጤው በፊት ብሪኩ 20 ዶላር አካባቢ ነበር፤ አንዱ ጥይት 4 ሳንቲም። በ40 ዶላር 1,000 ጥይት መኪናችሁ ውስጥ ታስቀምጣላችሁ። ከሦስት ኪሎ ተኩል አይበልጥም፣ ቦታ አይፈጅም፣ ደረቅ ቦታ ካገኘ ለብዙ ዓመት አይበላሽም። ትልቁን ጥይት እንዲህ ልሰብስብ የሚል ሰው መቶዎች ያወጣል፤ ስለዚህ ቆም ብሎ ያስባል። በሃያ ሁለት ማንም አያስብም። ለጨዋታ ያህል 5 ሚሊዮን ሰው ከወትሮው 2 ብሪክ ብቻ ጨምሮ ገዛ እንበል። እያንዳንዱ ምንም ያጋነነ አይመስለውም። ድምሩ ግን 5 ቢሊዮን ጥይት ነው። ይህን በአንድ ወቅት ጨምሮ የሚያወጣ ፋብሪካ የትም የለም።

ከዚያ አየር በአየሮቹ ገቡ። ትልልቆቹ መደብሮች ዋጋውን ብዙም አልጨመሩም ነበር፤ ደንበኛ እንዳይቀየማቸው። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ግን መደብር ውስጥ 20 እና 25 ዶላር የሆነ ዕቃ ውጭ 50 እና 60 ሲያወጣ፣ የሥራ ሰዓት የማይገድበው ሰው በየጠዋቱ ተሰልፎ እየወሰደ ቅዳሜ የጦር መሣሪያ ባዛር ላይ ይቸበችበዋል። ልጁን ዒላማ ሊያስተምር የፈለገ ሠራተኛ አባት ከሥራ ሲወጣ የሚያገኘው ባዶ መደርደሪያ ነው። የሚገርመው፣ የውድድር ጥይቱ በአንዳንድ መደብር ቁጭ ብሎ ይታይ ነበር። ዋጋው ድሮም ውድ ስለነበር ለአየር በአየር አይመችም።

መንግሥት ሰበሰበው የሚለው ወሬ ብዙ ተራብቷል። የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ጥይት አዘዘ ተብሎ ነበር። የኮንግረሱ የሒሳብ ተቆጣጣሪ ጉዳዩን መርምሮ በጥር 2014 ሪፖርት አወጣ። ግዢው በዓመት በአማካይ 100 ሚሊዮን አካባቢ ሆኖ ተገኘ፤ በ2013 ደግሞ እንዲያውም ቀንሷል። ከዚህም በላይ ፖሊስና ድንበር ጠባቂ የሚታጠቀው የሽጉጥ ጥይት እንጂ ሃያ ሁለት አይደለም። ሌላው ወሬ እርሳስን የሚመለከት ነው። ሚዙሪ ውስጥ ሄርኩሌኒየም የነበረው፣ ከማዕድን በቀጥታ እርሳስ የሚያቀልጠው የመጨረሻው የአሜሪካ ፋብሪካ በ2013 መጨረሻ ተዘጋ። «ያው በሉ፣ እርሳስ አለቀ» ተባለ። የአገሪቱ እርሳስ አብዛኛው ግን ከአሮጌ ባትሪ ነው የሚመጣው። እጥረቱም የጀመረው ፋብሪካው ከመዘጋቱ ከአንድ ዓመት በፊት ነበር።

ታዲያ ፋብሪካዎቹ ለምን አልጨመሩም? ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሁሉ በ2017 የሆነውን ማየት አለበት። በኅዳር 2016 ዶናልድ ትራምፕ ሲመረጡ የክልከላው ፍርሃት በአንድ ሌሊት ጠፋ። ሰው ቤቱ ያከማቸውን ይተኩስ ጀመር፤ መግዛት አቆመ። መደርደሪያው ሞላ። ዋጋው ወደ 4 እና 5 ሳንቲም ተመለሰ። አምራቾች ዕቃ አልወጣላቸው ብሎ ለገዢ ከከፈለው ላይ ጥቂት ይመልሱለት ጀመር። ጠመንጃም ጥይትም የሚሠራው ሬሚንግተን በመጋቢት 2018 ኪሳራ አስመዘገበ። የኪሳራው ምክንያት ብዙ ነው፤ ዕዳም ነበረበት። ቢሆንም የፋብሪካ ባለቤት ትምህርቱን ወስዷል። ሃያ ሁለት የሚሠራ ማሽን ሌላ ነገር አይሠራም። በድንጋጤ ጊዜ ብዙ ሚሊዮን አውጥቶ ማሽን ያስተከለ፣ ማሽኑ ሥራ ሲጀምር ድንጋጤው አልፎ ይጠብቀዋል። ያሉትን ማሽኖች በሦስት ፈረቃ ማሠራት ይሻለዋል። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን የማደርገው ያንኑ ነው።

ስለዚህ 2020 ሲመጣ ትርፍ አቅም አልነበረም። ወረርሽኝ፣ የጎዳና ላይ ረብሻ፣ ምርጫ፣ ሁሉም በአንድ ዓመት። የኢንዱስትሪው ማኅበር ናሽናል ሹቲንግ ስፖርትስ ፋውንዴሽን በዚያ ዓመት ብቻ 8.4 ሚሊዮን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ እንደገዛ ገምቷል። እያንዳንዱ አዲስ ባለጠመንጃ ቢያንስ አንድ ሁለት ፓኮ ይፈልጋል። በዚያው ሐምሌ ሬሚንግተን ለሁለተኛ ጊዜ ከሰረ፤ አርካንሶ ያለው ትልቁ የጥይት ፋብሪካው በሚያስፈልግበት ሰዓት ተዳክሞ ቆመ። ፌዴራልና ሲሲአይ የሚባሉትን የጥይት አምራቾች የያዘው ቪስታ አውትዶር የጥይቱን ክፍል በ81.4 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በዓመቱ መጨረሻ የቪስታ የጥይት ኃላፊ በቪዲዮ ወጥተው «እየደበቅን አይደለም» ብለው ማስረዳት ነበረባቸው። ያልደረሰ ትእዛዛቸው ከ1 ቢሊዮን ዶላር አልፎ ነበር። ሃያ ሁለት በየቦታው ከ10 ሳንቲም በላይ ወጣ። በእጅ አዙር የሚሸጠውማ ጣራ ነካ።

የባሰባቸው ግን የሃያ ሁለት ዘመዶች፣ ሌሎቹ ሪምፋየር ጥይቶች ናቸው። በ1959 የመጣው ሃያ ሁለት ማግነም እና በ2002 የመጣው አሥራ ሰባት ኤችኤምአር ገበያቸው ጠባብ ነው። ፋብሪካ በተከታታይ አይሠራቸውም፤ በየጊዜው ተራ ይሰጣቸዋል። ጭንቅ ሲመጣ ማሽኑ ለሃያ ሁለት ይያዝና ተራቸው ይዘለላል። አንድ ጠመንጃ ብቻ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ ሎንግ ራይፍል ግዛ የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

በእጥረት ጊዜ የሚጎዳው ጓዳው የሞላው አሮጌ ተኳሽ አይደለም። የሚጎዳው ጀማሪው ነው። እንደ ፎር ኤች ያሉ የወጣት ማኅበራት ልጆችን ዒላማ የሚያስተምሩት በዚህ ጥይት ነው። 20 ልጆች እያንዳንዳቸው 50 ቢተኩሱ 1,000 ጥይት አለቀ። በ5 ሳንቲም 50 ዶላር ነው፤ አሠልጣኙ ከኪሱ ይሸፍነዋል። በ15 ሳንቲም 150 ይሆናል፤ ያን ጊዜ የቅዳሜው ልምምድ ይሰረዛል። በራሱ ጊዜ ባዶ ጣሳ አሰልፎ የሚመታውም ሰው ቢሆን በየጥይቱ ሒሳብ ማሰብ ከጀመረ መዝናናቱ ቀርቷል።

ዛሬስ? የጅምላው ጥይት እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 8 ሳንቲም ይገኛል። ድሮን የሚያስታውስ ተኳሽ «ዘረፋ ነው» ይላል። ግን በ2012 የነበረ 20 ዶላር በዛሬ ገንዘብ 28 ዶላር አካባቢ ነው። በዚያ ሒሳብ የድሮው 4 ሳንቲም አሁን ከ5 ሳንቲም ተኩል ይበልጣል። የርካሹ ጥይት ዋጋ እንግዲህ ከድሮው ያን ያህል አልራቀም። የራቀው እምነቱ ነው። ሁለት ጊዜ ባዶ መደርደሪያ ያየ ሰው ጓዳውን ሳይሞላ አይተኛም። ያ ልማድ ራሱ ቀጣዩን እጥረት ያዘጋጃል።

አንድ ነገር ደግሞ ከድሮው ተለውጧል። በኅዳር 2024 ቼኮዝሎቫክ ግሩፕ የቪስታን የጥይት ክፍል በ2.225 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለ። ፌዴራል፣ ሲሲአይ፣ ሬሚንግተን በአንድ ጊዜ ወደ ቼክ ኩባንያ ሄዱ። ኩባንያው ከ2022 ጀምሮ የጣሊያኑ ጥይት ሠሪ ፊዮኪ ዋና ባለድርሻ ነበር። ከዚህ ውጭ የቀሩት ትልልቅ ስሞች ሚሲሲፒ ውስጥ የሚያመርተው ዊንቸስተር፣ የሜክሲኮው አጊላ፣ የበርሚንግሃሙ ኤሊ፣ ጀርመን ሾነቤክ ያለው ኤስኬ እና ጥቂት የአውሮፓ ፋብሪካዎች ናቸው። ሴራ አለ እያልኩ አይደለም። ግን መደርደሪያ ላይ አምስት የተለያየ ፓኮ አይታችሁ አምስት ፋብሪካ ይፎካከራል ብላችሁ አትሸወዱ።

ታክስም አለ። በጥይት ላይ የሚጣለው 11 በመቶ የፌዴራል ታክስ ዋጋው ውስጥ ተካቷል፤ ከ1937ቱ የፒትማን ሮበርትሰን ሕግ ጀምሮ ገንዘቡ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2024 ወዲህ ሌላ 11 በመቶ ጨምራለች። እዚያ ከ2019 ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንም ተከልክሏል። እርሳስ አልባው ሃያ ሁለት ደግሞ ቀለል ያለ፣ ውድ፣ ከብዙ ጠመንጃ ጋር የማይስማማ ነገር ነው። አዳኙ ይቸገራል እንጂ ወረቀት ላይ የሚተኩሰውን ለጊዜው አይነካውም።

በኢንተርኔት ስትገዙ ማጓጓዣውን አትርሱ። 500 ጥይት ላይ 12 ዶላር የመላኪያ ቢጨመር በአንዱ ላይ 2.4 ሳንቲም ተጫነ። የ6 ሳንቲሙ ጥይት ከ8 አለፈ ማለት ነው፤ ያኔ ሰፈር ያለው ሱቅ ይረክሳል። በብዛት ሲገዛ ግን መላኪያው ስለሚከፋፈል ከጓደኛ ጋር መዋጮ ያዋጣል።

ሳይተኩሱ መለማመድም ይቻላል፤ ግን በሪምፋየር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብዙ ጠመንጃዎች ባዶውን ቃታ ሲስቡ መርፌው የጥይት ከንፈር ስለማያገኝ የጠመንጃውን ቱቦ የኋላ ጠርዝ ይመታል። ሲደጋገም ይጎደጉደዋል፤ ከዚያ ጥይት አልገባ አልወጣ ይላል። አሜሪካኖቹ ለዚህ ያገኙት መላ ደስ ይለኛል። ግድግዳ ላይ ብሎን ከመግባቱ በፊት የሚሰካውን ቢጫ ፊሸር ወስደው ጥይት ቦታ ያስገቡታል። ጠርዙ ወጣ ያለ ስለሆነ ምቱን ይቀበላል። ሲቆስል አዙሮ ማስገባት፣ ሲያልቅ መጣል ነው። ዋጋው ምንም አይደለም። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ማየት ግን ግድ ነው።

ለግዢው የምመክረው አሰልቺውን መንገድ ነው። ገበያው ሲረጋጋ በየወሩ የምትተኩሱትን ያህልና ጥቂት ትርፍ ግዙ። የአንድ ዓመት ፍጆታችሁ ጓዳ ካለ ድንጋጤ ሲመጣ ሰልፍ መውጣት አያስፈልጋችሁም። ከዚያ በላይ ማከማቸት የሌላውን ሰው ቅዳሜ መውሰድ ነው። ለጣሳ የውድድር ጥይት አትግዙ፤ ለውድድርም የጅምላውን አትሞክሩ። ሙሉ ካርቶን ከማዘዛችሁ በፊት ደግሞ አንድ የ50 ፓኮ ገዝታችሁ በራሳችሁ ጠመንጃ 50 ሜትር ላይ ተኩሱት። ሁለት አንድ ዓይነት ጠመንጃዎች አንድን ጥይት እኩል አይወዱትም። ከወደደው ፓኮው ላይ የታተመውን የሎት ቁጥር (በአንድ ዙር የተመረተው ጥይት መለያ) አይታችሁ ከዚያው ቁጥር ጨምሩ። ስሙ አንድ ሆኖ ሎቱ ከተለየ እንደገና መፈተሽ አለበት።